ደሴ ላይ የሞተርና የባጃጅ ጩኸትን መቀነስ፦ ከማርሚታው እስከ ሰፈር ደንቡ

ይህ ጽሑፍ ለሦስት ዓይነት ሰው ነው፦ ሞተሩ ወይም ባጃጁ ስለጮኸ ጎረቤት ላማረረበት፣ በጩኸቱ እንቅልፍ ላጣ፣ እና በቀበሌ ወይም በማኅበር ተመርጦ «እስቲ ደንብ አውጡ» ለተባለ። ሦስቱም ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይስታሉ። ደሴ ላይ የሚሰማው የሞተር ጩኸት በአብዛኛው የሞተሩ ተፈጥሮ አይደለም። ያለቀ ጓርኒሲዮን (የጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ላይ የሚገባ ማሸጊያ ቀለበት)፣ የበሰበሰ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ አፋኝ) ወይም ሆን ተብሎ ውስጡ የወጣ ማርሚታ ነው። ፋብሪካው እንደሠራት ያለች 100 ወይም 150 ሲሲ ሞተር ሰፈር አታውክም። ስለዚህ ሞተርን በጅምላ የሚከለክል ደንብ ጥፋተኛውንም ደህናውንም እኩል ይቀጣል። እንጀራውን በባጃጅ የሚጋግር ወጣት በሞላበት ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለው ደንብ ወር ሳይሞላው ይረሳል።

ደሴ ከሌላው ከተማ ይልቅ የምትጮህበት ምክንያት አላት። አንደኛው ዳገቱ ነው። ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣ ባጃጅ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ከፍ ባለ ዙር (ሞተሩ በደቂቃ በሚሽከረከርበት ብዛት) ነው የሚሄደው፤ የጭስ ማውጫ ድምፅ ደግሞ ከዙሩም ከጭነቱም ጋር ይጨምራል። ሁለተኛው ከፍታው ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲተያይ በሩብ ያህል ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ክፍል) ደሴ ላይ ለአየሩ የማይመጥን ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ማርሚታው ይገባና እዚያ ይነዳል። ኮምቦልቻ ተስተካክላ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት የወጣች ሞተር ራሷ ከ600 ሜትር በላይ የከፍታ ለውጥ አይታለች። ካንዴላዋ (ቤንዚኑን የምታቀጣጥለው) ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነች ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ በተራሮች መካከል ተቀምጣለች። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ይወርድና ሞቃቱ ከላይ ይተኛል፤ በዚህ ጊዜ ወደ ላይ ሊያመልጥ የነበረው ድምፅ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል። ቀን ላይ ማንም ልብ የማይለው ሞተር ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ከማዶ ሰፈር የሚሰማው ለዚህ ነው። ስለዚህ የሌሊቱ ልክ ከቀኑ ጥብቅ መሆኑ አግባብ አለው።

የሰፈር ልክና የሞተር ልክ

በአገራችን የአካባቢ ድምፅ ልክ መሠረት ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው። ለንግድ አካባቢ 65 እና 55፣ ለኢንዱስትሪ አካባቢ 75 እና 70። ቀን ማለት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ የቀረው ሌሊት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ አጠገብ የሚኖር ሰው የትኛው ልክ እንደሚመለከተው አስቀድሞ ይለይ፤ በመኖሪያና በኢንዱስትሪ መካከል ያለው የሌሊት ልዩነት 25 ዲሲቤል ነው፣ እሱም ትንሽ አይደለም።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 55 እና 45 የሰፈሩ ልክ እንጂ የአንድ ሞተር ልክ አይደለም። የሞተር ጭስ ማውጫ አጠገብ መለኪያ ደቅኖ «88 አለ፣ ሕጉ 55 ነው የሚለው» ብሎ ባለሞተሩን መወንጀል ሜትርን በሊትር እንደ መለካት ነው። 88 ያለችው ሞተር ጤነኛ ናት። አንድ ደንብ ሁለቱንም ቁጥር ይፈልጋል፦ ሰፈሩ ውስጥ በር ላይ የሚለካውን፣ እና ሞተሩ ቆሞ ከጭስ ማውጫው በግማሽ ሜትር የሚለካውን።

ሁለቱን የሚያገናኘው ርቀት ነው። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ 6 ዲሲቤል ያህል ይቀንሳል። በግማሽ ሜትር 94 ያሳየች ሞተር በ1 ሜትር 88፣ በ2 ሜትር 82፣ በ4 ሜትር 76፣ በ8 ሜትር 70 ታሳያለች። በጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ግንብ ካለ ግን ድምፁ ስለሚመላለስ ያን ያህል አይቀንስም። ብዛትም የራሱ ሂሳብ አለው፦ እኩል የሚጮኹ ሁለት ባጃጆች በአንዱ ላይ 3 ዲሲቤል ብቻ ይጨምራሉ፣ አሥር ሲሆኑ 10 ይጨምራሉ። ጆሯችን 10 ዲሲቤል ጭማሪን እጥፍ ያህል አድርጎ ይሰማዋል። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር፣ አሥር ባጃጆች ባሉበት ተራ ላይ ዘጠኙ ጤነኛ ሆነው ከእያንዳንዳቸው 15 ዲሲቤል ከፍ ብሎ የሚጮህ አንድ ብልሹ ካለ የሰፈሩን ድምፅ የሚወስነው እሱ ነው። ዘጠኙን ማባረር ብዙም አይለውጥም፤ አንዱን መጠገን ይለውጣል።

አለካኩ

ቆሞ የሚለካበትን መንገድ አይኤስኦ 5130 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ያስቀምጠዋል፤ ዋናውን ነገር ጋራዥ በር ላይም መሥራት ይቻላል። ሞተሯን ገላጣ ቦታ አቁሙ። ከግድግዳ፣ ከቆመ መኪና፣ ከቆርቆሮ አጥር ቢያንስ 3 ሜትር ትራቅ፤ ቆርቆሮ ድምፅ ስለሚመልስ ንባቡን ከእውነቱ በላይ ያደርገዋል። መሬቱ አስፋልት ወይም ኮንክሪት ይሁን፣ ሳር ድምፅ ይውጣል። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። መለኪያው ከጭስ ማውጫው አፍ 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በአፉ ቁመት፣ ጭሱ ከሚወጣበት መስመር 45 ዲግሪ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ይያዝ። ልክ ከኋላ ከተያዘ የጭሱ ንፋስ ማይኩን ይመታውና ንባቡ ትርጉም ያጣል። ማውጫው ወደ መሬት የተጠጋ ከሆነ መለኪያው ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች አይውረድ።

ቀጥሎ ዙሩ ነው። ሞተሩ ከፍተኛ ኃይሉን የሚሰጥበት ዙር ከ5,000 በላይ ከሆነ የዚያን ግማሽ ያዙ፤ 5,000 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሦስት አራተኛውን። ቁጥሩ በሞተሯ መጽሐፍ ላይ አለ። 7,500 የሚል ከሆነ 3,750 ላይ ትለካላችሁ ማለት ነው። ዙር መለኪያ የሌላት ሞተር ላይ በካንዴላው ገመድ ላይ የሚጠመጠም ትንሽ ዲጂታል ቆጣሪ ይሠራል። ዙሩን ሳይዙ በጆሮ ግምት «ጋዝ ስጠው» እያሉ መለካት ለክርክር በር ይከፍታል፤ ባለሞተሩ ቀስ አድርጎ ይሰጣል፣ ከሳሹ ጨምር ይላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ዙሩን ለአፍታ አጽንቶ ይዞ መልቀቅ፣ በዚያ መካከል የታየውን ከፍተኛ ቁጥር መጻፍ። ሦስት ጊዜ ይደገም፤ ሦስቱ በ2 ዲሲቤል ውስጥ ከተቀራረቡ አማካዩን ውሰዱ፣ ካልተቀራረቡ አንድ የተበላሸ ነገር አለና እንደገና ጀምሩ።

መለኪያው «ኤ» ላይ (ድምፅን እንደ ሰው ጆሮ በሚመዝንበት) እና ፈጣን ምላሽ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ሞተሩ ጠፍቶ የአካባቢው ድምፅ ከሞተሩ ንባብ ቢያንስ 10 ዲሲቤል ዝቅ ማለት አለበት፤ ፒያሳ መሐል በገበያ ቀን መለካት ከንቱ ድካም ነው። ነፋስ ካለ የማይኩን ስፖንጅ አትርሱ።

ስልክ ላይ የሚጫን መለኪያስ? ለማወዳደር ይጠቅማል፣ ለመክሰስ አይጠቅምም። የስልክ ማይክ ለንግግር የተሠራ ስለሆነ ከፍ ያለ ድምፅ ሲመጣ ይታፈናል፣ ከስልክ ስልክም ብዙ ዲሲቤል ይለያያል። ግን ያው ስልክ፣ ያው ቦታ፣ ያው ዙር ከሆነ ከጥገና በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ያሳያል። ማርሚታ አስጠግናችሁ ልዩነቱ 2 ዲሲቤል ብቻ ከሆነ ጠጋኙ ቀዳዳውን አላገኘውም።

ጩኸቱ ከየት ነው የሚወጣው

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ምንጩን ለዩ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱና ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) አጠገብ ጆሮ ስጡ። ቲክ ቲክ የሚል፣ ሲሞቅ ግን እየቀነሰ የሚጠፋ ድምፅ ካለ የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን ነው፤ ብረቱ ሲሞቅ ይለጠጥና ክፍተቱን ይዘጋዋል። ሲሞቅም የማይጠፋ ከሆነ የቫልቭ ክፍተት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ሌላ ሥራ ነው። በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካለ ጭስ እየወጣ ነው፤ ይህ ምልክት አይዋሽም። ተጨማሪ ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ በቀዝቃዛ ሞተር መጋጠሚያውንና ብየዳውን የሳሙና ውሃ ቀቡና አስነሱ፣ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ወይም ሞተሩ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው) ሲሠራ የማርሚታውን አፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ያፍኑት፤ ጤነኛ ከሆነ እጅ ይገፋል፣ ሞተሩም ሊጠፋ ይዳዳዋል። ምንም ሳይሰማው በሰላም መሥራቱን ከቀጠለ ጭሱ ሌላ በር አለው። ቱቦው በደቂቃ ውስጥ ቆዳ የሚልጥ ሙቀት ላይ ስለሚደርስ ይህን ሁሉ ሞተሩ እንደተነሳ ነው መጨረስ የሚገባው።

ማርሚታውን ፍቱና ነቅንቁት። ከውስጥ የሚንቀጫቀጭ ነገር ካለ የውስጡ ግድግዳ ተሰብሯል። በውስጡ ክፍል ክፍል ሆኖ የተሠራው ማርሚታ ድምፅን የሚገድለው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በወንፊት ቱቦ እያመላለሰ ነው፤ አንዱ ግድግዳ ከወደቀ ሁለት ክፍል አንድ ይሆናል፣ ወፍራሙ ድምፅም ይወጣል። እንዲህ ያለውን ከውጭ መጥገን አይቻልም። ወይ በአንድ በኩል ተቆርጦ ተከፍቶ መበየድ አለበት፣ ወይ መቀየር።

ሐረጎን ሲወርዱ ጋዝ ሲለቀቅ «ጧ ጧ» እያለ የሚተኩስ ሞተር ደግሞ ሁለት ነገር ተገናኝቶበታል። ቁልቁለት ላይ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ቱቦው ይወርዳል፣ በላላው መጋጠሚያ ደግሞ ንጹሕ አየር ይሳባል። ሁለቱ በጋለ ቱቦ ውስጥ ሲገናኙ ይፈነዳሉ። ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ካርቡራተር ይሮጣል፤ መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑን ቀይሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ከካርቡራተሩ ወደ ቴስታታ የሚሄደው ጎማ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ እዩ፣ ከዚያ በኋላ የሚኒሞ የአየር ብሎንን አስተካክሉ። አንዳንድ ልጅ ቁልቁለት ላይ ቁልፉን አጥፍቶ እያበራ ሆን ብሎ ያስተኩሳል። ያ ፍንዳታ የማርሚታውን የውስጥ ግድግዳ የሚሰብረው ነው፤ በቁልቁለት ሞተር ማጥፋትም በማርሽ የሚገኘውን ፍሬን ማጣት ነው። ሐረጎ ላይ ደግሞ ይህ ከጩኸት በላይ የሆነ ጉዳይ ነው።

ጓርኒሲዮን መቀየር

ዋጋው ትንሽ፣ ውጤቱ ትልቅ የሆነ ሥራ ስለሆነ በጥንቃቄ ልጻፈው። ማርሚታው ከቴስታታው ጋር ብዙውን ጊዜ በሁለት ዳዶ ነው የሚያያዘው። እነዚህ ዳዶዎች በሙቀትና በዝገት ይነክሳሉ፤ በጉልበት ከተፈቱ ብሎኑ ቴስታታው ውስጥ ይሰበራል፣ የ10 ደቂቃው ሥራ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ከሥራው ቀን በፊት ባለው ማታ ዝገት ማላቀቂያ ወይም ናፍጣ ቀቡ። ጠዋት ለብ ብሎ ሳለ ሞክሩ። እምቢ ካለ ወደ መፍቻው ትንሽ፣ ወደ ማጥበቂያው ትንሽ እያላችሁ አለማምዱት እንጂ አታስገድዱት።

ከወረደ በኋላ አሮጌውን ቀለበት ከጉድጓዱ አውጡ። እዚህ ነው ብዙ ጋራዥ የሚያጭበረብረው፤ አሮጌው ተደፍጥጦ ከቴስታታው ጋር ስለተመሳሰለ «የለውም» ይሉና አዲሱን በላዩ ይደርባሉ። ሁለት ቀለበት ሲደራረብ እኩል አይጨመቅም፣ ሳምንት ሳይቆይ ይነፍሳል። በሹል ነገር በጥንቃቄ ፈልቅቃችሁ አውጡት፣ መቀመጫውን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። የወረደ ቀለበት አንዴ ስለተጨመቀ ተመልሶ አይገባም፤ ማርሚታ በወረደ ቁጥር አዲስ ነው የሚገባው።

ሲገጠም ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሁለቱን ዳዶ በእጅ ብቻ አጥብቁ፤ ከኋላ ማርሚታውን ከሻሲው ጋር የሚይዘውን ብሎንም በእጅ። ከዚያ የፊቶቹን ዳዶዎች ተራ በተራ፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ዙር እያላችሁ አጥብቁ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ቀለበቱን ያዛባዋል። ብሎኑ 6 ሚሊ ከሆነ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል፣ ማለትም በአጭር ቁልፍ በእጅ አንጓ ኃይል እንጂ በክንድ አይደለም። የኋላው ብሎን መጨረሻ ላይ ይጠብቃል። የኋላው ቀድሞ ከጠበቀ ቱቦው ተወጥሮ ይቀመጥና በንዝረት አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ «ማርሚታዬ በየወሩ ይሰነጠቃል» የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ይመርምር፣ ቀጥሎ የመያዣውን ጎማ። ሞተሩ አንዴ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹን ደግማችሁ አጥብቁ።

የበሰበሰ ማርሚታ

ማርሚታ የሚበሰብሰው ከውስጥ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል የውሃ ተን ይወጣል፤ በአጭር መንገድ፣ ሳይግል የሚጠፋ ሞተር ላይ ተኑ ውሃ ሆኖ ከታች ይተኛል። ስለዚህ ላሜራው በብዛት ከሆዱ ሥር ነው የሚበሳው። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ብዙዎቹ ላይ ከታች 2 ወይም 3 ሚሊ የሆነች የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይተዋል። በያጁ እሷንም ቀዳዳ መስሎት ይደፍናታል፣ ማርሚታው በክረምቱ ያልቃል። ለበያጁ አስቀድማችሁ አሳዩት።

ሲበየድ ከሞተሯ ላይ ወርዶ ይሁን። ዝገቱ እስከሚያበራው ብረት ድረስ ይጸዳ፤ የዛገ ላሜራ ላይ ብየዳ አይይዝም። ልጥፉ ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ላሜራ ሆኖ ከቀዳዳው በዙሪያው 1 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። በወፍራም ኤሌክትሮድ ከተሠራ ይበሳዋል፤ 2 ወይም 2.5 ሚሊ፣ ዝቅተኛ ኃይል፣ ነጥብ ነጥብ እየተባለ፣ መሐል እየቀዘቀዘ። ነጥቦቹ ሲገናኙ መስመሩ ይዘጋል። ሦስት ቦታ የተለጠፈ ማርሚታ አራተኛ ልጥፍ አይገባውም፣ ለአዲስ መቆጠብ ይሻላል።

ውስጡን ስለሚያወጡት አንድ ነገር ልበል። «ጉልበት ይጨምራል» የሚባለው በተስተካከለ የውድድር ሞተር ላይ ነው። ካርቡራተሩ ሳይነካ የማርሚታው ውስጥ ሲወጣ የጭሱ ፍሰት ይለወጣል፣ ድብልቁ ይዛባል፣ በዝቅተኛ ዙር ያለው ጉልበት ይቀንሳል። ደሴ ላይ ዳገት የሚያስወጣችሁ ደግሞ ያው የዝቅተኛ ዙር ጉልበት ነው። ጆሮ ስለተመታ ፈጠነ ይመስላል እንጂ አልፈጠነም። የአየር ማጣሪያውን ክዳን ማውጣትም እንዲሁ ነው፦ ጩኸት ይጨምራል፣ አቧራ ያስገባል፣ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይበላል።

ባጃጅ

ባጃጅ ላይ ሞተሩ ከኋላ፣ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ስለሆነ ጩኸቱ መጀመሪያ የሚደርሰው ደንበኛው ላይ ነው። ከማርሚታው በተጨማሪ የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎች፣ የሙቀት መከላከያውን ላሜራ እና የሞተር ክፍሉን ክዳን እዩ። የላላ ላሜራ በተወሰነ ዙር ላይ ብቻ ይንጫጫል፤ ሞተሩ በሚኒሞ ሳለ በጓንት ተራ በተራ እየነኩ ድምፁ የሚቆምበትን ማግኘት ይቻላል። ጥገናው አንድ ብሎንና ሮንዴላ ነው።

ሙዚቃና ክላክስ የሹፌሩ ምርጫ ናቸው፣ ጋራዥ አያስፈልጋቸውም። ግን ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው ይህን ይወቅ፦ በሥራ ጤና ላይ የተለመደው ልክ 85 ዲሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ 3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት፣ በ94 አንድ ሰዓት። ማታ ጆሮው የሚጮህበት ሹፌር ምክንያቱን ከዚህ ይፈልግ።

ሜዳና ኮረብታ ላይ ለሚነዱ

ባለ ጥርስ ጎማ ሞተር ይዘው ወደ ጦሳ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ ሐይቅ የሚወጡ ልጆች ላይ የሚነሳው ቅሬታ ሌላ መልክ አለው። የእነዚህ ሞተሮች ማርሚታ በብዛት ቀጥ ያለ ወንፊት ቱቦ ሆኖ ዙሪያው በመስታወት ጥጥ የተሞላ ነው። ጥጡ በሙቀትና በዘይት ያልቃል፣ ድምፁም ቀስ በቀስ ከፍ ስለሚል ባለቤቱ አይታወቀውም። ሪቬቶቹ ተሰርስረው ይከፈታል፣ አሮጌው ይወጣል፣ ወንፊቱ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፣ አዲሱ እኩል ተጠቅልሎ ይገባል። በጣም ከታጨቀ ድምፅ አይውጥም፣ ከላላ ተነፍቶ ይወጣል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ግድ ነው። ስፖንጅ ወይም ጨርቅ የሚከቱ አሉ፤ ይቃጠላል፣ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል በተነጠፈበት ኮረብታ ላይ ደግሞ ብልጭታ የሚተፋ ማርሚታ እሳት ይለኩሳል።

ሐይቅ ላይ ጠዋት ማለዳ ውሃው ድምፅን ሳይውጥ ያሳልፈዋል፣ በላዩ ያለው ቀዝቃዛ አየርም ወደ ታች ያጥፈዋል። ከወዲህ ማዶ የተነሳ ሞተር እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ የሚሰማው በዚህ ነው። ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀችው ወዲህ ይህ ይቀንሳል። ወደ ዳርቻው ከመቅረብ በፊት ሞተር አጥፍቶ በእግር መሄድ የሚያስከፍለው የለም።

ሌላው ዓለምም በዚህ ጉዳይ ተጨቃጭቋል። በአሜሪካ ዩታ ግዛት ያለችው ሞአብ የቱሪስት ከተማ ናት፤ ከመንገድ ውጭ የሚነዱ መኪኖች እንግዳውንም ነዋሪውንም አማረሩና እ.ኤ.አ. በ2021 የድምፅ ደንብ አወጣች። ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ለተሠሩት ከመንገድ ውጭ ለሚነዱ 96 ዲሲቤል፣ ከዚያ በፊት ለተሠሩት 101 ብላ ቆርጣለች፤ የሚለካውም ከላይ እንደተጻፈው በግማሽ ሜትር ነው። አሮጌውን በአሮጌ ልክ መዳኘቷ ለእኛም የሚበጅ ሐሳብ ነው።

ደንብ ስትጽፉ

ከላይ ያለው የጋራዥ ጉዳይ ካልገባው ሰው የሚወጣ ደንብ «የሚጮህ ሞተር ክልክል ነው» ይልና ያቆማል። ማን ይወስናል? በምን? ደንቡ ላይ ቢያንስ እነዚህ ይግቡ፦ የሰዓቱ ወሰን በእኛ ሰዓት አቆጣጠር፣ የሞተር ልክ በቁጥር፣ ርቀቱና ዙሩ፣ የጥገና ቀነ ገደብ፣ ከጥገና በኋላ ያለ ክፍያ ዳግም መለካት። ለሞተሩ ልክ ከ94 እስከ 96 ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል ባይ ነኝ፤ ጤነኛው በምቾት ያልፈዋል፣ ውስጡ የወጣው አያልፈውም። ከዚያ ዝቅ ካላችሁ መጀመሪያ የምትጣሉት ከደህናው ሹፌር ጋር ነው። የጥገና ጊዜ ከሁለት ሳምንት አይነስ፤ ጓርኒሲዮን በአንድ ቀን ይገኛል፣ ማርሚታ ግን አንዳንዴ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው።

መለኪያ የሚገዛ ገንዘብ ከሌለ በዓይን የሚታይ መመዘኛ ጻፉ፦ የተበሳ ወይም የተቆረጠ ማርሚታ፣ በመጋጠሚያው ጭስ የሚያወጣ፣ የፋብሪካ ያልሆነ ቀጥ ያለ ቱቦ። ይህ ክርክር አያስነሳም። የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና በስም ተጠቅሰው ከደንቡ ውጭ ይሁኑ። ሞተር መያዝና መቅጣት የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ስለሆነ ዕድር ወይም ማኅበር በራሱ ደንብ ሰሌዳ አይፈታም፣ ቁልፍ አይነጥቅም። ማኅበሩ በአባሉ ላይ የተራ ቅጣት (የመጫኛ ተራውን ማሳጣት) ሊጥል ይችላል፣ እሱም ከገንዘብ ቅጣት ይልቅ ይሠራል። የቤተ እምነትና የሱቅ ድምፅ ማጉያን እዚህ ደንብ ውስጥ አትቀላቅሉ፤ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ ከተቀላቀለ ሞተሩም ማጉያውም ሳይፈታ ስብሰባው ይበተናል።

ነዋሪ ሆናችሁ ንግግር ካላዋጣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 መንገድ ይከፍታል። ማንም ሰው ጉዳቱ በቀጥታ እንደሚነካው ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225ም ባለንብረት በጎረቤቱ ላይ ከመጠን ያለፈ ድምፅ እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ግቢው ውስጥ ሌሊት ሞተር እያስነሳ ለሚሞክር ጋራዥ የሚስማማው ይህ ነው። አቤቱታው ላይ «ሁልጊዜ ይረብሻል» ብላችሁ አትጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ የቆየበት ደቂቃ፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ በር ላይ የተለካ ንባብ ካለ ከነመለኪያው ዓይነት በአንድ ደብተር መዝግቡ። የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂ ሳትይዙ ከቢሮው አትውጡ፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።